ክርክር፦ የባንክ መልእክት በመንገድ ላይ ይተርጎም ወይስ እንደመጣ ይለፍ?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ባንኮች በዓለም ዙሪያ መልእክት የሚለዋወጡበት መረብ ስዊፍት፣ ኤምቲ በሚባለው የድሮ ቅርጽ የሚጻፉትን የክፍያ ትእዛዞች ከአዲሱ የመልእክት ደረጃ ከአይሶ 20022 ጎን ለጎን የሚያስተናግድበት ጊዜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በባንኮች ውስጥ ግን የድሮውን ቅርጽ ብቻ የሚያውቁ ሥርዓቶች አሁንም አሉ። ታዲያ ማገናኛው ሶፍትዌር መልእክቱን ከአንዱ የሶፍትዌር ክፍል ወደ ሌላው ሲያቀብል ወደ አንድ የጋራ ቅርጽ ይቀይረው ወይስ እንደመጣ ያሳልፈው? እኔ ይቀየር ባይ ነኝ። አስር ሥርዓቶች እርስ በርስ በቀጥታ ይነጋገሩ ካልን 90 ተርጓሚ መጻፍ አለብን፤ በመካከል የጋራ ቅርጽ ካለ 20 ይበቃል።

የኤቲኤም ሥርዓት መሐንዲስ፦ ስሌቱ ልክ ነው፤ ጉዳቱ ግን አልተቆጠረም። የካርድና የኤቲኤም መልእክቶች ደረጃ በሆነው በአይሶ 8583 የገንዘብ መጠን የሚጻፈው በ12 አሃዝ ነው። መቶ ብር «000000010000» ይሆናል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳንቲም ናቸው፤ ነጥብ የለም። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ አንደኛው ክፍል ይህን እንደ ጽሑፍ ተቀብሎ ለሁለተኛው እንደ ቁጥር አቀበለው። ከፊት ያሉት ዜሮዎች ረገፉ፣ 10000 ቀረ። ሦስተኛው ክፍል አስር ሺህ ብር ብሎ አነበበው። በሙከራ ላይ ባይያዝ ኖሮ የሰው ሒሳብ ይነካ ነበር። ሦስቱም ክፍሎች ለየብቻ ሲፈተሹ እንከን አልነበረባቸውም፤ ጥፋቱ የተፈጠረው በርክክቡ ላይ ነው። በጋራ ቅርጽ ደግሞ እያንዳንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ ይተረጎማል፤ የመሳሳቻው በርም ሁለት ይሆናል።

የቅርንጫፍ ሠራተኛ፦ እኔ ፕሮግራም አልጽፍም፤ ከልጆቻቸው የተላከላቸውን ገንዘብ ሊቀበሉ የሚመጡ እናቶችን ግን በየቀኑ አስተናግዳለሁ። መታወቂያቸው ላይ የአያታቸው ስም ወልደሚካኤል ነው፤ መልእክቱ ላይ «ወልደሚ» ብሎ ያቆማል። ስሙ አልተመሳሰለም ብዬ እመልሳቸዋለሁ። ከሩቅ ገጠር የመጡትን መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁት አይመስለኝም።

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ የነገርሽን ይኸው ነው። አይሶ 20022 ለስም ብቻ 140 ፊደል ይሰጣል። የድሮው የደንበኛ ገንዘብ ማስተላለፊያ መልእክት ኤምቲ 103 ግን ስምንም አድራሻንም በአራት መስመር፣ በየመስመሩ 35 ፊደል አጭቆ ነው የሚይዘው። ከአዲሱ ወደ አሮጌው ሲተረጎም የተረፈው ይጣላል፤ አንዴ ከተጣለ ደግሞ ቀጣዩ ክፍል ከየት ያመጣዋል?

ጥያቄ አቅራቢ፦ አቋሜን አሻሽያለሁ። የጋራው ቅርጽ ይኑር፤ ዋናው መልእክት ግን ሳይነካ አብሮ ይጓዝ፣ የትኛው የመልእክት ዓይነት እንደሆነም ከላዩ ይጻፍ። የማያውቀው ዓይነት የደረሰው ክፍል ገምቶ ከሚቀጥል ለይቶ ያስቀምጠውና ሰው ይየው።

መሐንዲሱ፦ ግምት ይቅር ባሉት እስማማለሁ። በጋራው ቅርጽ ላይ ግን የገንዘብ መጠን በጽሑፍነቱ ካልቆየ፣ የሳንቲሙ ቦታና የገንዘቡ ዓይነት መለያ ኮድ (ለብር 230) ከጎኑ ካልሰፈረ ድምፄን አልሰጥም።