«ተፈታ» እና «ነጻ ወጣ» ለየቅል ናቸው

«በዋስ ነጻ ወጣ» የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር ያንገሸግሸኛል። በዋስ የወጣ ሰው ተፈታ እንጂ ነጻ አልወጣም። ክሱ አለ፣ ቀጠሮውም አለ፣ ዋሱ ደግሞ ልቡ እንደተንጠለጠለ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ የሚጠብቁ እናቶችን ስሟቸው፣ «ተፈታልኝ» ነው የሚሉት። «ነጻ» የምትመጣው ዳኛው ጥፋተኛ አይደለም ሲል ነው፤ ያኔ «በነጻ ተሰናበተ» ይባላል። (ጠበቃው በነጻ ባይቆምለትም።)

ነገሩ ከቃላቱ ሥር ይጀምራል። ነጻ በግዕዝ ነጽሐ ነው፤ ጠራ፣ ከእድፍ ተለየ ማለት። ንጹሕም የዚያው ልጅ ነው። ስለዚህ ነጻ ስለ ሰውየው ይናገራል፣ ተፈታ ግን ስለ ገመዱ ብቻ።

ፈትሐ ደግሞ በግዕዝ ሁለት ነገር ነው፦ የታሰረውን ለቀቀ፣ እና ፈረደ። ሰምዐ ሰማ፣ በልዐ በላ እንደሆነው ሁሉ ፈትሐም አማርኛ ሲደርስ መጨረሻውን ጥሎ ፈታ ሆነ። ስሙ ግን ሐ-ን አልጣለም፣ ፍትሕ ብሎ ቀረ። እንግዲህ ፍትሕና መፈታት አንድ ቤት ናቸው ማለት ነው! ፍትሐ ነገሥትም ከዚሁ ነው፣ ለሟች የሚደረሰው ጸሎተ ፍትሐትም ነፍስን ከኃጢአት እስራት መፍታት ነው።

ከዚያ በኋላ ፈታ ያልገባበት የለም። ሕልም ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ጦር ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣ የቃል ትርጉም ራሱ ፍቺ ይባላል፤ ፒያሳ ቡና ላይ ፊቱን ያጠቆረውን ደግሞ «ፈታ በል ባክህ» እንለዋለን። «እሷ እኮ ተፈታች» የሚል ወሬ ከሰማችሁ ግን ከእስር ይሁን ከባል ሳታጣሩ እንኳን ደስ አለሽ አትበሉ።

«አርነትስ?» ለምትሉ፦ ሐራ ከሚለው ግዕዝ ነው፣ ጌታ የሌለበት ሰው ለማለት። ትግርኛ ሓርነት ብሎ በየቀኑ ይጠቀምበታል፣ እኛ ጋ ግን ከ«ወጣ» እና ከ«አወጣ» ውጪ ብዙም አይንቀሳቀስም። «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» (ዮሐ. 8፥32) ላይ ያማረበት ከባርነት ጋር ስለሚገጥም ነው። ከባርነት ለወጣ ሰው የምመርጠውም እሱን ነው። ለጣቢያ እስረኛ ግን ይበዛበታል፤ አንድ ሌሊት ጣቢያ ያደረውን ሰው «ተለቀቀ» ብሎ መገላገል ይሻላል።

በነገራችን ላይ አራት ኪሎ ያለው ሐውልት የሚያስታውሰው የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ድልን ነው፣ በዓሉንም የድል በዓል እንለዋለን። ቅኝ ተገዝተን ነጻ እንደወጣን የሚያስመስል ስም ያልተሰጠው በደንብ ታስቦበት ይመስለኛል።

የቀረችው አመክሮ ናት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተወሰነ ዓመት የተፈረደበት ሰው ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ፣ ጠባዩም ከተመሰከረለት በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። ቃሉ አመከረ ከሚለው ግዕዝ ነው፣ ፈተነ ማለት፤ መከራም ዘመዱ ነው። ቤቱ ገብቶ እንኳ ገና እየተፈተነ ያለን ሰው ጋዜጠኛው «ነጻ ወጣ» ሲለው አርታኢው ምን እየሠራ እንደሆነ አይገባኝም።