የስታር ትሬክ የሙከራ ክፍል ቀለሙ እየጠፋ ይመለሳል

የአሜሪካውን የጠፈር ተከታታይ ፊልም ስታር ትሬክን ከሥሩ ልጀምር ብዬ በ1964 የተቀረጸውን የሙከራ ክፍል፣ «ዘ ኬጅ»ን፣ በዲቪዲ ከፈትኩ። የጠፈር መርከቡ ካፒቴን በኋላ የታወቀው ከርክ ሳይሆን ፓይክ የሆነበት፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤንቢሲ አልቀበልም ያለው ነው። የሚያዜሙትን ሰማያዊ ቅጠሎች ስፖክ ይዞ ፈገግ ሲል (ስሜት የማያሳየው ስፖክና ፈገግታ! ማን ያምናል) ምስሉ ባለቀለም ነው፤ ቆይቶ ግን ድንገት ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ ቀለሙ ይመለሳል። ድምፁ ደህና ነው። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ወለወልኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ በጎረቤት ማጫወቻም ሞከርኩ፤ ቀለሙ የሚጠፋው እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰከንድ ነው። በሳጥኑ ያሉት ሌሎች ክፍሎች ከዳር እስከ ዳር ባለቀለም ናቸው። ሻጩ «ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ፤ አላመንኩትም። ይህን ክፍል ያያችሁ፣ የተበላሸው ዲስኬ ነው ወይስ ፊልሙ ራሱ ከባለቀለምና ከጥቁርና ነጭ ቅጂ ተገጣጥሞ የወጣ ነው?