ክኒኑና ሁዳዴ አልስማማ አሉኝ

የጠመኔዋ፦
ባሕር ዳር የሒሳብ መምህርት ነኝ። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል፣ ጡንቻን ቶሎ የሚያደክም በሽታ እንዳለብኝ ከታወቀ ስምንት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት አንዱ ደም ማነስ፣ ሌላው ጭንቀት ሲለኝ ከርሟል፤ መነጽርም ገዝቻለሁ። ጠዋት ደህና ነኝ። ከምሳ በኋላ ግን የግራ ዓይኔ ቆብ ይወድቃል፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት አንድ እኩልታ ሁለት ሆኖ ይታየኛል፣ ጠመኔ የያዘው እጄ ከትከሻዬ በላይ አልቆይ ይላል።

አሁን ለዚሁ በሽታ ባለ 60 ሚሊግራም የፒሪዶስቲግሚን ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ እወስዳለሁ። ይሠራል፤ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ግን ጉልበቱ ያልቃል። ጠዋት በባዶ ሆዴ ስውጠው ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ምራቄም ይሞላል። ሳልውጥ ስውል ደግሞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዕድ ሲቀርብ መንጋጋዬ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ እምቢ ይላል። አገጬን በእጄ ደግፌ ነው የማኝከው። ለእናቴ ገና ስላልነገርኳት ፊቴን አዞርባታለሁ። ክኒኑንና ጾሙን ያስታረቀ ሰው አለ?

የቆየ ታካሚ፦
እህቴ፣ እኔ ከዚህ በሽታ ጋር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የንስሐ አባቴን አማከርኩ፤ ለመድኃኒቱ ስል ጠዋት ትንሽ አጥሚት እንድቀምስ ፈቀዱልኝ። ሆድ ቁርጠቱ በዚያ ቀለለልኝ። የዘጠኝ ሰዓቱን ክኒን ከማዕዱ ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጊው። ቆሎውን ለጥርሰኞች ተዪላቸው፤ ሽሮ ፍትፍት ይሻልሻል። ውሃ ትን ማለት ከጀመረሽ ወይም ጋደም ስትዪ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ።

ተስፋ፦
ክኒኑን ተዪውና ጸበል ግቢ።

የጠመኔዋ፦
ጸበሉንም እጠጣለሁ፣ ክኒኑንም እውጣለሁ። እስካሁን አልተጣሉም፤ የሚጣላው ባዶ ሆዴ ነው።

ፋርማሲስቱ፦
እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያው ራሱ፣ ጡንቻ ከነርቭ መልእክት የሚቀበልበትን ቦታ ያጠቃል። ያንኑ መልእክት ይበልጥ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች አሉ። ሽንት ሲያቃጥል ጎረቤት የሚያካፍለው ሲፕሮፍሎክሳሲን አንዱ ነው፤ አዚትሮማይሲንና ጄንታማይሲንም እንዲሁ። በአካባቢያችሁ ወባ ስላለ ክሎሮኪንንም እጨምራለሁ። ሕክምናውን ተዪ ማለቴ አይደለም፤ የሚያዝልሽ ሰው በሽታሽን አስቀድሞ ይወቅ። የበሽታሽን ስም በወረቀት ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ።

የጠመኔዋ፦
ወረቀቱን መታወቂያዬ ኋላ ሸጉጬዋለሁ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዋጥኩ፤ ሽሮውን አገጬን ሳልደግፍ ጨረስኩ። እናቴ ትክ ብላ አየችኝና «ጥርስሽ ተሻለሽ?» አለችኝ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የጥርስ ሕመም መስሏት ኖሯል።