ቆዳ ስሰፋ የማላወልቀው የጋብቻ ቀለበት የትኛው ይሆን?

ሥራዬ ቦርሳና ቀበቶ በእጅ መስፋት ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ስለምንጋባ፣ ቀለበቴን በሥራ ሰዓትም ከጣቴ ሳላወልቅ መኖር እፈልጋለሁ። ለሙከራ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ የብር ቀለበት ለሦስት ሳምንት አድርጌ ሠራሁ። በሰም የታሸውን ክር ስቤ ሳጠብቅ ክሩ ከቀለበቱ ሥር እየገባ ጣቴን ይከረክረኛል። ከሁሉ የከፋው ግን፣ በዕፅዋት ቅመም የለፋ ቆዳ ውኃ ሲነካው የተጫነውን ሁሉ ቀርጾ ስለሚያስቀር፣ ሊያልቅ በተቃረበ የቦርሳ ክዳን ላይ ቀለበቱ የጥፍር ጫፍ የመሰለ ምልክት ትቶበታል፤ ደጋግሜ ባሸውም አልጠፋም።

ባለ 18 ካራት ወርቅ እጮኛዬ ትወዳለች፤ እኔ ግን ከመዶሻና ከወስፌ ጋር ሲውል እንዳይቧጨር እሰጋለሁ። ተንግስተን ካርባይድ የሚባለው እጅግ ጠንካራ የቀለበት ቁስ ጭረትን በደንብ ቢቋቋምም፣ ጣት ሲወፍር ሊሰፋ አይችልም፣ በብርቱ ሲመታም ሊሰበር ይችላል። የሲሊኮን ቀለበት ለእጅ ይመቻል፤ ለቃል ኪዳን ግን ልቤ አልተቀበለውም።

በቆዳ ሥራ ላይ ቀለበት አድርጋችሁ የቆያችሁ፣ ጠርዙ ከውስጥም ከውጭም የተድበለበለ፣ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ልሙጥ ቀለበት ባሠራ፣ ወርቁን ትመርጡልኛላችሁ ወይስ ቲታኒየም የሚባለውን ቀላልና ጠንካራ ብረት?