አሮጌው ዴል ኮምፒውተሬ እንዲፈጥን ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። መሐል ሜዳ ላይ ማመልከቻ፣ ውልና የፈተና ወረቀት እየጻፍኩ የምተዳደርባት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምሠራበት ኮምፒውተር ታላቅ ወንድሜ ትቶልኝ ያለፈው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 ነው፤ ቆሞ የሚቀመጠው ዓይነት። ፕሮሰሰሩ ኮር 2 ዱዎ ኢ6550፣ ፍጥነቱ 2.33 ጊጋኸርዝ፣ ራሙ 2 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 80 ጊጋባይት ሲሆን የተጫነበት ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ነው።

ጠዋት ከፍቼው ለሥራ እስኪደርስ ሰባት ደቂቃ ይፈጅበታል። ፊደል ስነካ ጽሑፉ ዘግይቶ ይመጣል፤ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ እኔ አፍራለሁ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ደግሞ ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ኢንተርኔት ስከፍት አብዛኛው ገጽ ደኅንነቱ አያስተማምንም እያለ ይከለክለኛል። ያሳየሁት አንድ ባለሙያ «ማዘርቦርዱ አልቋል፣ ጣይው» አለኝ። መጣል አልፈልግም። በእጄ ያለው ገንዘብ አንድ የመንዝ በግ ሸጬ ያገኘሁት ነው። ምን ልግዛበት?

ጥገና ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

እኅቴ፣ ገንዘብሽን ገና አትንኪው። ማዘርቦርዱ ቢያልቅ ኖሮ ሰባት ደቂቃ ቆይቶም አይነሣልሽም ነበር። የቀኑ ነገር ቀላል ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ሳንቲም መሳይ ባትሪ ደክማለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እርሷ ነች። የኢንተርኔት ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀት መነሻና ማብቂያ ቀን ስላለው፣ የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ሲሄድ ምስክር ወረቀቱ ገና ያልጸና ይመስለዋል። ባትሪዋ የእጅ ሰዓት ከሚጠግኑት ዘንድ አትጠፋም። ስትቀይሪ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ፣ ማብሪያውን አንድ ጊዜ ተጫኚ፣ የሣጥኑን ብረት ነክተሽ ጀምሪ። ክዳኑ ሲከፈት በኮንደንሰሮቹ (ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙት ትንንሽ ቆርቆሮ መሳዮች) አናት ላይ እብጠት ወይም ፍሳሽ ካየሽ ፎቶ አንሥተሽ አሳዪን።

ስለ ዝግታው ግን መጀመሪያ ምን እንደሚያስጠብቀው እንወቅ። በምትሠሪበት ሰዓት፣ ፕሮግራሞችሽ እንደተከፈቱ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። የሚመጣው ታስክ ማናጀር ነው። የፕሮሰሰሩ መቶኛ ስንት ነው? የሜሞሪውስ (የራሙ)? ከዚያ ሪሶርስ ሞኒተርን ክፈቺና ዲስኩን ተመልከቺ። ቁጥሮቹን ይዘሽ ተመለሺ።

ነዋሪ፣ ሸዋ ሮቢት

የአቧራውን ነገር አደራ። እኛ ቆላ ስለሆንን ኮምፒውተር በሙቀት ሲደክም በየቀኑ እናያለን፤ ፕሮሰሰሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። መሐል ሜዳ ብርድ ነው ብለሽ አትተዪው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ማራገቢያው ተመሳሳይ ዙር ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ያካክሳል፤ አቧራ የደፈነውን ግን ብርድም አያድነውም። ደጅ አውጥተሽ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው፤ ስትነፊበት የማራገቢያውን ክንፍ በጣትሽ ያዢ፣ በኃይል እንዳይሽከረከር። ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት የሚባለው ቅባት ደርቆ ከሆነ ጠርጎ አዲስ መቀባት ነው፤ የሩዝ ፍሬ ታህል ይበቃል።

ተማሪ፣ ደብረ ሲና

ዊንዶውስ 11ን የብቃት ፍተሻውን አልፎ መጫን ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። አዲስ ስለሆነ አይፈጥንም?

ጥገና ባለሙያ፣ ጠባሴ

ወንድሜ፣ በዚህ ፕሮሰሰር አይሆንም። 24ኤች2 ከተባለው እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ኮር 2 ዱዎ የሌለውን የትእዛዝ ስብስብ ይጠይቃል፤ ፍተሻው ቢታለፍም አይነሣም። ራም አጸዳለሁ፣ ፍጥነት እጨምራለሁ የሚሉትን ነፃ ፕሮግራሞችም ማንም አይጫን። ራሳቸው ራም ይበላሉ።

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪዋን ቀየርኩ፣ አቧራውን ጠረግኩ፤ ከማቀዝቀዣው ሥር የወጣው ብርድ ልብስ ይመስል ነበር። ኮንደንሰሮቹ ደህና ናቸው። ቁጥሮቹ፦ ፕሮሰሰሩ ከ15 እስከ 30 በመቶ፣ ሜሞሪው 91 በመቶ፣ የዲስኩ መስመር ግን ከአናት አይወርድም። ደግሞ ሳላውቀው ሁለት ፀረ ቫይረስ ፕሮግራም ተጭኖ አገኘሁ።

ጥገና ባለሙያ፣ ጠባሴ

ነገሩ ታወቀ። ፕሮሰሰርሽ ሥራ ፈትቶ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱ ፀረ ቫይረሶች የምትከፍቺውን ፋይል እየተሻሙ ይመረምራሉ፤ አንዱን ዛሬውኑ አጥፊው። ራሙ ሲሞላ ደግሞ ዊንዶውስ የተረፈውን ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ይህ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ከሆነ የሚፈልገው ቦታ በመርፌው ሥር እስኪደርስ ዙሩ ብቻ በአማካይ ከ4 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ መርፌው የሚንቀሳቀስበት ሲጨመር ከ10 ያልፋል። በየቦታው የተበተኑ ሺህ ትንንሽ ፋይሎች ቢፈለጉ አሥር ሰከንድ ሄደ ማለት ነው። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ የሚዞር ነገር ስለሌለው እያንዳንዱን ፍለጋ ከሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያደርሰዋል።

ስለዚህ የበጉን ገንዘብ መጀመሪያ ለኤስኤስዲ አውጪው። 120 ወይም 240 ጊጋባይት ይበቃሻል፤ በጣም ፈጣኑን አትግዢ፣ የዚህ ማዘርቦርድ ሳታ የሚባለው የዲስክ ማገናኛ መስመር በሰከንድ ከ300 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። ከተረፈሽ ራም ጨምሪ። ዲዲአር2 ብለሽ ጠይቂ፤ ዲዲአር3 መሰንጠቂያው ሌላ ቦታ ስለሆነ አይገባም፣ በግድ ከተገፋ ማስገቢያውን ይሰብራል። ባለ 1 ጊጋባይት ሁለት ብትጨምሪ 4 ይሞላል። ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ከዚያ በላይ አያይም፤ ማሽኑ ራሱ ግን በአራቱ ማስገቢያ እስከ 8 ይቀበላል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ በባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ያለውን የሳታ አሠራር ዊንዶውስ ተጭኖ እያለ ወደ ኤኤችሲአይ አትቀይሪው። ሰማያዊ ስክሪን ያመጣብሻል። መቀየር ካለበት ከአዲሱ ጭነት በፊት ነው። ከሁሉም አስቀድመሽ ደግሞ ሰነዶችሽን ገልብጪ፣ በሁለት ቦታ።

መምህር፣ ከአንኮበር

ልጄ፣ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዊንዶውስ 7 ነው። ድጋፉ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ቆሟል፤ ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተከትሎታል። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም 109ኛው ነው። አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ ትቀበያለሽ፤ ቫይረሱ የሚመጣው በዚያ ነው።

እኔ በዚሁ ዕድሜ ባሉ ማሽኖች ላይ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃ ሥርዓት፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው ቀላል ገጽታው ጭኜ ተማሪዎች ይሠሩባቸዋል። ፕሮሰሰርሽ ባለ 64 ቢት ስለሆነ ይቀበለዋል፤ 4 ጊጋባይት ራም ቢኖርሽ ይመረጣል። ሳትጭኚው በፍላሽ አስነሥተሽ ሞክሪው፤ ካልጫንሽው በዲስኩ ላይ ያለውን አይነካም። በሙከራው ጊዜ ሁለት ነገር እዪ፦ ፕሪንተርሽ ያትማል? አማርኛ ይጻፋል? ለአማርኛው ሴራ የሚባለው ፊደልን በድምፁ የሚያስጽፍ ሰሌዳ አለ፤ ጣትሽ እስኪለምደው ጥቂት ቀን ይወስድብሻል።

ጥንቃቄ የሚሻው የድሮው ሰነድ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የፊደላት የጋራ መለያ ሳይመጣ በቀደሙት የግእዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ በፎንቱ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝርክርክ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አሮጌውን ዲስክ አትደምስሺ። ከነዊንዶውሱ እንዳለ ይቀመጥ፤ ሲያስፈልግሽ ኢንተርኔት ሳታገናኚ አስነሥተሽ ታትሚያለሽ።

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ

መምህር፣ ምክርዎ በጊዜው ደረሰልኝ፤ ከወንድሜ ሰነዶች ግማሹ እርስዎ እንዳሉት ያለ ነው። ባለ 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ከደብረ ብርሃን አስመጣሁ። ሁለቱን ራም የሰጠኝ የተበላሸ ኮምፒውተር ያለው ጎረቤቴ ነው፤ ዲዲአር2 መሆኑን አይቼ፣ በጥንድ አስገባሁት። ሚንትን በፍላሽ ሞክሬ ፕሪንተሩ ስላተመልኝ ጫንኩት። ዛሬ ጠዋት ሰዓት ይዤ አየሁ፦ ከማብሪያው እስከ መጻፊያው ገጽ 55 ሰከንድ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ መጥቶ ቀኑ አልተነቃነቀም።

አንድ የቀረኝ አለ። መብራቱ ሲጠፋ ኤስኤስዲውን ይጎዳው ይሆን?

ጥገና ባለሙያ፣ ጠባሴ

ሲጽፍ ከተቋረጠ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል፤ አዎ። አቅም ሲኖርሽ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ) ግዢ፤ ለኮምፒውተሩና ለስክሪኑ ብቻ ይሁን፣ ሌዘር ፕሪንተር ወይም ፎቶ ኮፒውን እንዳትሰኪበት፣ ሲሞቁ የሚስቡት ኃይል ይጥለዋል። እስከዚያው የመጻፊያ ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው ጽሑፍሽን ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጊው። የወንድምሽን ዲስክ ደግሞ በካርቶን አድርገሽ ከእርጥበት አርቂው፣ ላዩ ላይም ምን እንደያዘ ጻፊበት።

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ

ጽፌበታለሁ። የወንድሜ ደብዳቤዎችም ሁለት ቦታ ተገልብጠዋል፤ አንዱ እናቴ ቤት ነው ያለው።