የመዝገብ ቤቷን ሴት ምን ላድርጋት?

ሐዋሳ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ስለ መሬት ሙስና አጭር ተውኔት እያዘጋጀን ነው። ጽሑፉ የኔ ነው። ከንቲባው ተግባቢ ነው፤ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ ጉቦ በእጁ አይነካም። የሚቀበልለት ደላላው ነው፤ ቀልደኛ፣ ያገኘውን ሁሉ «የኔ ጌታ» የሚል። መሐንዲሱ ፈሪ ነው፣ ያዘዙትን ይፈርማል። የቤቷን ካርታ ፍለጋ የምትመላለስ እናትም አለች።

የተቸገርኩት በመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ነው። ፋይሉ እንደተቀየረ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቅን አድርጌ ስጽፋት ንግግሯ ስብከት ሆነ፤ ልምምድ ላይ ተዋንያኑ ራሳቸው አዛጉ። ደላላው ግን ብቅ ባለ ቁጥር ሳቅ በሳቅ ነው። እሷም ትንሽ ጉቦ ትቅመስ ብዬ ሞከርኩ፤ ያኔ ደግሞ ለእናትየዋ የሚቆም ሰው ጠፋ።

ጭራሽ ላውጣት ብዬም ነበር። ሩሲያዊው ደራሲ ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1836 ለመድረክ በበቃው «ኢንስፔክተር ጀነራል» በተባለው አስቂኝ ተውኔቱ አንድም ንጹሕ ባለሥልጣን አላስገባም፤ ቅኑ ገጸ ባሕርይ ሳቁ ነው ባይ ነው። የኛ ታሪክ ግን ያለ እሷ አይፈታም፤ ፋይሉን ከመደርደሪያ የሚያወጣው ሌላ ሰው የለም።

ቅንነቷን ሳልነካ ከደላላው እኩል መድረኩን እንድትይዝ ምን ዓይነት ጠባይ፣ ምን ዓይነት ድክመት ልስጣት?