ካሳንድራ ዳታቤዝ ማታ ማታ መጻፍ አቃተው፣ ሜሞሪውም አለቀ

ሚዛን_ጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለሁት። ለአንድ ቡና ሰብሳቢ ድርጅት የሚዛን መረጃ የሚቀበለውን ሲስተም የማየው እኔ ነኝ፤ ብቻዬን። በጎማ፣ በማናና በጌራ ያሉ መዛኞች የእያንዳንዱን ገበሬ እሸት ቡና መዝነው በስልክ ይመዘግባሉ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ስልኩ መረጃውን ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል።

ቀን ቀን ምንም የለም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ግን መከራ ነው። መዛኞቹ ወደ ከተማ ሲጠጉ ስልኮቹ ሁሉ እኩል መላክ ይጀምራሉ፤ ራይት ታይምአውት (መጻፉ በጊዜው አልተረጋገጠም የሚል ስህተት) ይዘንባል። ስልኩ ደግሞ «አልተቀበሉኝም» ብሎ ያንኑ እንደገና ይልካል። ትናንት ራት ላይ ቁጭ ብዬ 11 ጊዜ ተደወለልኝ። እንጀራው ደረቀ።

ያለኝ ይሄ ነው፦ ካሳንድራ 4.1፣ ሦስት ሰርቨር፣ እያንዳንዱ 16 ጊጋ ራም። ሁለቱ ኤስኤስዲ ናቸው፤ ሦስተኛው የድሮ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ሪፕሊኬሽን 3 (እያንዳንዱ መዝገብ በሦስት ሰርቨር ይቀመጣል)፣ የምንጽፈው በኳረም (ከሦስቱ ሁለቱ «ተቀበልኩ» እስኪሉ ጠብቀን)። ሜሞሪ ያነሰው መስሎኝ ሂፑን (ለካሳንድራ ጃቫ የተመደበውን ሜሞሪ) ከ4 ወደ 12 ጊጋ ከፍ አደረግኩት፤ ባሰበት። «ፍሪ» ብዬ ሳይ ነጻው ሜሞሪ 200 ሜጋ ብቻ ነው። አለቃዬ «አራተኛ ሰርቨር እንግዛ» ይላል። እንግዛ?

ፈጣን_ኮደር፦
ኳረሙን ትተሽ «ዋን» (የአንድ ሰርቨር መልስ ብቻ) አድርጊው። እኛ ጋ ወዲያው ነው የተስተካከለው።

ባለበርጩማ፦
ኧረ ቀስ! በዋንም ጻፊ በኳረም፣ ካሳንድራ ጽሑፉን ለሦስቱም ይልካል። የሚለየው ስንት መልስ ጠብቆ «ተጽፏል» እንደሚልሽ ነው። ሸክሙ ያው ነው። ደግሞ ኮሚት ሎጉ (እያንዳንዱ ጽሑፍ ለደህንነት የሚመዘገብበት ፋይል) ካልነካሽው ወደ ዲስክ የሚወርደው በየ10 ሰከንዱ ነው። አንዱ ሰርቨር ብቻ ተቀብሎ በዚያች መሀል መብራት ቢሄድ የገበሬው ኪሎ አብሮ ሄደ። የጅማን መብራት ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አራተኛውንም አሁን አትግዙ። ሪፕሊኬሽን 3 ሆኖ ሰርቨሩም ሦስት ከሆነ እያንዳንዱ ሰርቨር ሁሉንም ነገር ይጽፋል። አራተኛ ቢመጣ ከእያንዳንዱ የሚነሳለት ሩብ ያህል ነው። ችግሩ ግን የሸክም አይመስለኝም። ከሦስቱ ሰርቨሮች የአንዱ ማነከስ ነው።

200 ሜጋው አያስደንግጥሽ። ሊኑክስ ሥራ ፈት ራም አይወድም፤ ለፋይል ካሽ ይጠቀምበታል። «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድና ስዋፑን (ራም ሲያጥር በምትኩ የሚያዘውን የዲስክ ቦታ) እዪ። ከዚያ ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ላይ በሦስቱም «ኖድቱል ቲፒስታትስ» በዪ፣ የሥራውን ወረፋ ያሳይሻል፤ በሦስተኛው ላይ «አይኦስታት» ጨምሪ፣ ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዘ ያሳይሻል። አፑ የሚልከው በባች (ብዙ መዝገብ በአንድ ላይ ታስሮ) ነው?

ሚዛን_ጅማ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። (ጋሼ ያልኩት በአነጋገርዎ ነው፤ ልጅ ከሆኑ ይቅርታ።)

ማታ ሻይ ይዤ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሁለቱ ኤስኤስዲዎች ላይ «ሙቴሽን ስቴጅ» (የሚጻፉት ወረፋ) የሚጠብቅ ብዙም የለው። ሦስተኛው ላይ 38 ሺህ ወረፋ! «ድሮፕድ» (የተጣለ) የሚለው ደግሞ እዚያው እያየሁት ከ17 ሺህ ወደ 18 ሺህ ወጣ። ዲስኩ 100 ከመቶ ተይዟል። ኮሚት ሎጉም ዳታውም አንድ ዲስክ ላይ ናቸው። ስዋፕ በሦስቱም ላይ 3 ጊጋ ገደማ ተበልቷል።

አዎ፣ በባች ነው። አንድ ስልክ 500 መዝገብ በአንድ ባች ይልካል። የፓርቲሽን ቁልፉ (መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው) የገበሬው ቁጥር ነው። በአንዴ ቢላክ ይፈጥናል ብዬ እኮ ነው።

ባለበርጩማ፦
ልጅስ አይደለሁም፤ ጋሼው ይሁንልኝ።

በቃ፣ ተገኘ። ኳረም ሁለት መልስ ይበቃዋል። ስለዚህ ሦስተኛው ቢያነክስም ሁለቱ ደህና እስከሆኑ ድረስ ማንም አያውቅበትም። አንዱ ኤስኤስዲ ለጋርቤጅ ኮሌክሽን (የማያስፈልግ ሜሞሪ ለመጥረግ) ቆም ሲል ግን ሁለተኛው መልስ ከአንካሳው ይጠበቃል፤ ያኔ ነው ስልክሽ የሚጮኸው። አንካሳው ወረፋው ላይ ከ2 ሰከንድ በላይ የቆየውን ጽሑፍ ይጥላል። የጣለውን ደግሞ ሌሎቹ «ሂንት» ብለው ይይዙለታል። ያም እነሱ ላይ ሌላ ሥራ ነው።

12 ጊጋው ሂፕ የባሰበት ለምን መሰለሽ? ከ16 ላይ 12 ወስደሽ ለሊኑክስ የፋይል ካሽ፣ ካሳንድራም ከሂፕ ውጭ ለሚይዘው ሜሞሪ፣ ለሌላውም ሁሉ 4 ተውሽ። ስዋፕ ውስጥ ገባ። ስዋፕ የገባ ጃቫ ጋርቤጅ ሲጠርግ ሰዓቱ አያልቅም። 4 ጊጋው መጀመሪያም ልክ ነበር፤ ካሳንድራ ራሱ ሲያሰላ የራሙን ሩብ ነው የሚወስደው። ወደዚያው መልሺው፤ ስዋፑንም አጥፊው።

ባቹ ከሁሉ የከፋው ነው። የካሳንድራ ባች ለፍጥነት አልተሠራም። የ500 ገበሬ መዝገብ 500 ፓርቲሽን ነው፤ ሁሉንም አንድ ኮርዲኔተር (ጥያቄውን የተቀበለው ሰርቨር) በሜሞሪው ይዞ ይቆያል። ሎግድ ባች ከሆነማ መጀመሪያ ሁለት ሰርቨር ላይ ባች ሎግ ተጽፎ ነው ዋናው የሚጻፍ። ሎግሽ ውስጥ ከ5 ኪሎባይት አለፈ የሚል ማስጠንቀቂያ ሞልቶ ይሆናል፤ ፈልጊው። አንድ አንዱን ለየብቻ፣ መልስ ሳትጠብቂ 30 ያህል በአንዴ ላኪ። ስልኮቹም እኩል እንዳይነሱ እያንዳንዱ እስከ 20 ደቂቃ በዘፈቀደ ይጠብቅ።

ሦስተኛው ላይ ቢያንስ ኮሚት ሎጉን ወደ ሌላ ዲስክ አውጪው። ሲረጋጋ ሪፔር (የሦስቱን ቅጂ የሚያመሳስለውን) አስኬጂ፤ እነዚያ የተጣሉት ሁሉ በሂንት ተመልሰዋል ማለት አይደለም።

ፈጣን_ኮደር፦
እሺ፣ የእኛን ዋንም ዛሬ ልመልሰው መሰለኝ።

ሚዛን_ጅማ፦
ከአራት ቀን በኋላ፦ ማስጠንቀቂያው እንዳሉት ሞልቷል፤ የሁለት ወር! ሂፑን 4 አድርጌ ስዋፑን ባጠፋሁ ማታ ስልኩ 3 ጊዜ ብቻ ጮኸ። ባቹን ከበተንኩ ወዲህ አልጮኸም። ወረፋው ሦስተኛው ላይ አሁንም አንዳንዴ 2 ሺህ ይደርሳል፤ ይወርዳል። ሪፔሩን አርብ ማታ ጀመርኩት፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ተቋረጠ። ቅዳሜ ከመጀመሪያ።

አለቃዬ የሰርቨሩን ብር ትቶ ለሦስተኛው ኤስኤስዲ ፈቀደ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኳል፤ ነገ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ።